ለተሟጠጠ ቴራፒስት ላይፍ ኮቺንግ ምንድን ነው?

«ቴራፒስት ሆኖ ኮች ይፈልጋል? ታዲያ ሙያው ምን ጠቀመው?» ስለ ቴራፒስት፣ ማለትም ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ፣ ይህን ነገር በተለያየ አነጋገር ስሰማ ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተናጋሪ «ላይፍ ኮቺንግ ቀለል ያለ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው፤ ቴራፒስቶችም ሲደክማቸው እሱን ይወስዳሉ» ብለው ሲያስረዱ አዳመጥኩ። የተቃወማቸው ሰው አልነበረም። ሁለቱም አባባሎች ስህተት ናቸው፤ ሰውም ይጎዳሉ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላይፍ ኮቺንግ ሕክምና አይደለም። ቀለል ያለም፣ ከበድ ያለም አይደለም። ኮች ሕመም አይመረምርም፣ ሕመም አያክምም። ሥራው ውሳኔ ላይ ነው። ሰውየው ሳምንቱን እንዴት ያሳልፋል? የትኛውን ሥራ ይይዛል፣ የትኛውን ይለቃል? ባለፈው የወሰነውን ለምን አልፈጸመም? ይኸው ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። በሥራ ብዛት ለተሟጠጠ ቴራፒስት ግን ብዙ ጊዜ የጎደለው ይህ ነው።

«ሙያው ምን ጠቀመው» ለሚሉት እንዲህ እላለሁ። ቴራፒስቱ እውቀት አልጎደለውም። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ እረፍት፣ ድንበር ስለማበጀት ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ነው የሚውለው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ተገልጋይ «በጣም ከብዶኛል፤ ነገ ጠዋት ልታየኝ ትችላለህ?» ብሎ ይጽፍለታል። ነገ የእረፍት ቀኑ ነው። እምቢ ማለት ሰው ጥሎ መሄድ ይመስለዋል፤ እሺ ይላል። በሚቀጥለው ሳምንትም ሌላው ይጽፋል፣ አሁንም እሺ ይላል። እያንዳንዱ እሺ ለብቻው ሲታይ ደግነት ነው፤ ስህተት ልታወጡለት አትችሉም። ሲደመር ግን የእረፍት ቀን የሚባል ነገር የለም። ቴራፒስቱ ድምሩን አያየውም። ሁልጊዜ የሚያየው ፊቱ ያለውን አንድ ሰው ነው፤ ሙያውም ያሠለጠነው ለዚያ ነው። ስለዚህ ድምሩን ከሱ ጋር ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

በርንአውትም፣ ማለትም በሥራ ጫና ተሟጦ ማለቅ፣ ቢሆን ከዚህ የተለየ አይደለም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ በርንአውት ሲጽፍ መነሻው በነፃ ክሊኒክ ሰው የሚረዱ ሠራተኞች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን በ1981 ያወጡት መለኪያ ደግሞ ሦስት ነገር ያያል፦ ስሜት ተሟጦ ማለቁን፣ ከሚረዱት ሰው መራቅንና መደንዘዝን፣ «የምሠራው ዋጋ የለውም» የሚል ስሜትን። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባው በርንአውትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ይለዋል፤ ከሕመሞች ተርታ አላስገባውም። ምንጩ በአግባቡ ያልተያዘ፣ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና ነው ይላል። እንግዲህ ምንጩ ሥራው ከሆነ፣ ሥራውን ሳይነኩ ሰውየውን ብቻ ማከም የትም አያደርስም።

የሩቅ መንገድ አውቶቡስ የሚነዳ ሹፌር አስቡ። አውቶቡሱ ከተበላሸ መካኒክ ይጠራል። ይህ ቴራፒስቱ ለራሱ የሚያገኘው ቴራፒ ነው። አነዳዱ ካጠራጠረ ደግሞ ልምድ ያለው ሹፌር አጠገቡ ተቀምጦ ያርመዋል። ይህ ሱፐርቪዥን ነው፤ ዋናው ጉዳዩም የተሳፋሪው ደኅንነት ነው። አሁን አውቶቡሱም አነዳዱም ደህና ነው እንበል። ሹፌሩ ግን ከንጋት እስከ ውድቅት ይነዳል። ምሳውን መሪ እንደያዘ ይበላል። በየመንገዱ እጁን ላነሳ ሁሉ ይቆማል። መካኒኩ ምን ይሠራለታል? ኮች ማለት ሹፌሩን ከመሪው አውርዶ፣ የጉዞ ፕሮግራሙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ይህን ፌርማታ ማን ጨመረው? አንተ ነህ ወይስ አለቃህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ፌርማታውን የጨመረው ሹፌሩ ራሱ ከሆነ ኮች ብዙ ሊያግዘው ይችላል። የጨመረው የአውቶቡሱ ባለቤት ከሆነስ? እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያናድደኝ ነገር ያለው። አንዳንድ ተቋማት ቴራፒስቱ የሚያየውን ሰው ቁጥር ሳይቀንሱ፣ የሪፖርቱን ክምር ሳይነኩ፣ «ለሠራተኞቻችን ኮች ቀጥረናል» ይላሉ። ማስላክና ማይክል ላይተር በርንአውትን ያያያዙት ከስድስት የሥራ ገጽታዎች ጋር ነው፦ ከጫናው መጠን፣ በሥራው ላይ ካለን የመወሰን አቅም፣ ከምንዳው፣ ከባልደረቦች ግንኙነት፣ ከፍትሐዊነትና ከእሴት። ከነዚህ ስንቱን ነው አንድ ሰው ከኮቹ ጋር ተቀምጦ የሚቀይረው? ቀሪውን መቀየር ያለበት አሠሪው ነው። ኮቺንግን የዚህ ግዴታ ምትክ ማድረግ ጥፋቱን መልሶ በተጎዳው ሰው ላይ ማላከክ ነው።

ስለ ሚዛንም አንድ ነገር ልበል። የሥራና የሕይወት ሚዛን ግማሽ ለሥራ፣ ግማሽ ለቤት ማለት አይደለም። ቴራፒስት ላይ ደግሞ የሰዓት ብዛት ብቻውን ብዙ አይናገርም። በቀን አራት ሰው አይቶ የሚወድቅ አለ፤ ስድስት አይቶ ደህና የሚያመሽም አለ። አራቱ ሁሉም ከባድ የጥቃት ታሪክ ይዘው ተከታትለው የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥሩ ኮች ወደዚህ ዝርዝር ይገባል። ማስታወሻው መቼ ይጻፋል? ብዙ ጊዜ ማታ፣ ቤት ውስጥ ነው፤ ቀጠሮ መዝገብ ላይ ግን የለም። የስልኩና የሪፖርቱ ሰዓትስ የት ተመዘገበ? ከባዶቹን ቀጠሮዎች በተለያየ ቀን ማድረግ ይቻላል? በመሀል ሩብ ሰዓት ክፍተት ቢኖርስ? ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይመረጣል። ለምሳሌ ለመልእክት መልስ የሚሰጥበት ሰዓት ይወሰናል፤ አስቸኳይ ሲሆን ወዴት እንደሚደወልም ለተገልጋዮች አስቀድሞ ይነገራል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ኮቹ «ተደረገ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ካልተደረገ ምን እንደከለከለው ያያሉ። አንዳንዴ የገቢ ስጋት ነው። አንዳንዴ ደግሞ «ሁልጊዜ የምገኝ ካልሆንኩ ጥሩ ቴራፒስት አይደለሁም» የሚል ሥር የሰደደ እምነት ነው። ይህ ሁለተኛው ከልጅነት ታሪክ ጋር የተሳሰረ ሆኖ ከተገኘ የኮች ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ወደ ቴራፒ ይሄዳል።

ማስረጃ አለው ወይ ለምትሉ፣ አለ፤ ግን ልክ አለው። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት 88 ሐኪሞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን በድምሩ ሦስት ሰዓት ተኩል የስልክ ኮቺንግ ሰጠ። ከአምስት ወር በኋላ ኮቺንግ ያገኙት ስሜታዊ መሟጠጣቸው ቀነሰ፤ ያላገኙት ላይ ግን በመጠኑ ጨመረ። ከታካሚ በመራቅና በመደንዘዝ በኩል ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል የረባ ልዩነት አልታየም። የተጠኑትም ሐኪሞች እንጂ ቴራፒስቶች አይደሉም። «ኮቺንግ በርንአውትን ያድናል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ይህን ግማሹን ይዘለዋል።

ሙያዬ የሚያስገድደኝን ደግሞ ሳልናገር አልቀርም። ድባቴ በርንአውት መስሎ ይመጣል። ልዩነቱን በግርድፉ ለማየት፣ ሰውየው ከሥራ ርቆ ሲከርም ደስታው ይመለሳል ወይ? ካልተመለሰ፣ ወይም መኖር ካስጠላው፣ ኮች ጋ መሄድ የለበትም፤ የሚሄደው ሐኪም ጋ ነው። የተገልጋዮቹ ታሪክ በሕልሙ እየመጣ የሚያስጨንቀው ቴራፒስትም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሱፐርቪዥንና ቴራፒ ነው። ብቃቱን የሚነካ ችግር እንዳለበት ያወቀ ባለሙያ ምክር መጠየቅና ካስፈለገ ሥራውን መቀነስ ወይም ማቆም የሥነ ምግባር ግዴታው ነው። «ኮች ይዣለሁ» ማለት ከዚህ ግዴታ ነፃ አያወጣውም። የተገልጋይ ምሥጢርም ለኮች አይነገርም። ስለ ቀጠሮ ጫና ለማውራት የማንም ስም፣ የማንም ታሪክ አያስፈልግም።

በአብዛኞቹ አገሮች ማንም ተነሥቶ ራሱን ኮች ብሎ መጥራት ይችላል፤ የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም። ስለዚህ ኮች የምትፈልጉ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ገና በመጀመሪያው ንግግር ላይ «የኔ ጉዳይ ያንተ ሥራ እንዳልሆነ በምን ታውቃለህ? ያኔስ ወዴት ትልከኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለው ሌላ ፈልጉ።