ቻይና ያን ያህል ሰፊ ሆና ሰዓቷ ለምን አንድ ሆነ?

ቻይና ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ 60 ገደማ የኬንትሮስ ዲግሪ ትሸፍናለች። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ በፀሐይ ከሄድን በሁለቱ ጫፎች መካከል የ4 ሰዓት ያህል ልዩነት አለ። በሕጉ ግን አገሪቱ በሙሉ የምትመራው በቤይጂንግ ሰዓት ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በሪፐብሊኩ ዘመን 5 የሰዓት ክልሎች ነበሩ። ኮሚኒስቶቹ እ.ኤ.አ. በ1949 ሥልጣን ከያዙ በኋላ ሁሉም ወደ አንድ መጣ።

ጣጣው የበዛው ምዕራብ፣ ሺንጂያንግ ውስጥ ነው። እዚያ ባለችው ካሽጋር ከተማ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ከቤይጂንግ ከ2 ሰዓት ተኩል በላይ ዘግይታ ነው። ስለዚህ ብዙ ኡይጉሮች (የሺንጂያንግ ነባር ሕዝብ) ከቤይጂንግ 2 ሰዓት ወደኋላ የቀረ የአካባቢ ሰዓት ይጠቀማሉ። ባቡርና አውሮፕላን ግን በቤይጂንግ ሰዓት ነው የሚንቀሳቀሱት። እዚያ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው «በየትኛው ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ አለዚያ 2 ሰዓት ሙሉ ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ድንበሩ ነው። ቻይና ከአፍጋኒስታን ጋር በተራራ ላይ አጭር ወሰን አላት። እሱን የተሻገረ ሰው ሰዓቱን በአንዴ 3 ሰዓት ተኩል ወደኋላ ይመልሳል።