የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ቦርድ በእንግሊዝ፦ ማን ይቀመጥበታል? ምን ይሠራል?

እንግሊዝ አገር በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ ከ1,000 በላይ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤቶች አሉ። ኦቲዝም ያለባቸው፣ ከባድ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው፣ መስማት ወይም ማየት የተሳናቸው፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ፣ በቱቦ የሚመገቡ ልጆች ይማሩባቸዋል። ከርዕሰ መምህሩ በላይ ደግሞ ቦርድ አለ። ቦርዱ ርዕሰ መምህር ይመርጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ የልጆቹ ደህንነት መጠበቁን ይከታተላል። አባላቱ ደሞዝ አይከፈላቸውም። በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

በአገሪቱ ያሉ የትምህርት ቤት ቦርድ አባላት በሙሉ ሲቆጠሩ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ይሆናሉ። አብዛኞቹ የሚያገለግሉት በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ነው። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ያሉት ግን ሥራቸው አንድ የተለየ ክብደት አለው። በመደበኛ ትምህርት ቤት የፈተና ውጤት አለ። ውጤቱ ከወረደ ማንም ሰው ወረቀቱን አይቶ “ምን ተፈጠረ?” ማለት ይችላል። እዚህ ግን አንድ ልጅ ዘንድሮ ማንኪያ ይዞ ራሱን ማብላት ከጀመረ፣ የዓመቱ ትልቁ ውጤት እሱ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ልጆች ደግሞ የደረሰባቸውን በአንደበታቸው አይናገሩም። ስለዚህ ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው በቦርዱ ውስጥ ከሌለ፣ ጥያቄው ሳይጠየቅ ይቀራል።

ወላጅ ወደ ቦርዱ እንዴት ገባ?

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከባድ የአእምሮ ውስንነት ያለበት ልጅ በእንግሊዝ ሕግ “ሊማር የማይችል” ተብሎ ከትምህርት ሥርዓቱ ውጭ የሚደረግበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። የሚመለከተውም የጤናው ዘርፍ ነበር። ይህን የሻረው በ1970 የወጣ ሕግ ነው። ከሚያዝያ 1971 ጀምሮ የትኛውም ልጅ ከትምህርት ውጭ ሊባል አልቻለም። ማሠልጠኛ ይባሉ የነበሩ ማዕከላት ትምህርት ቤት ሆኑ። መምህር ተመደበላቸው፤ አስተዳዳሪ አካልም አስፈለጋቸው።

ቀጥሎ ሁለት ሪፖርቶች መጡ። በ1977 የወጣው የቴይለር ኮሚቴ ሪፖርት የትምህርት ቤት ቦርድ ለአራት ወገን እኩል ይከፈል አለ፤ ለአካባቢው አስተዳደር፣ ለሠራተኛው፣ ለወላጁና ለኅብረተሰቡ። በ1978 ደግሞ በሜሪ ዋርኖክ የተመራው ኮሚቴ የልዩ ፍላጎት ትምህርትን ከሥር መሠረቱ ፈትሾ ሪፖርቱን አቀረበ። ወላጅ የትምህርት ቤቱ አጋር መሆኑን ለብቻው ምዕራፍ ሰጥቶ ጻፈበት። የ1980 እና የ1986 ሕጎች ወላጆች በቦርድ ውስጥ ወንበር እንዲኖራቸው ደነገጉ። የ1981 ሕግ ደግሞ ብዙውን የዋርኖክ ሐሳብ ሥራ ላይ አዋለ። አሁን እንደ ተራ ነገር የሚታየው የወላጅ ወንበር ዕድሜው ይህን ያህል ነው።

ወንበሮቹ

በካውንስሉ፣ ማለትም በአካባቢው አስተዳደር፣ ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶች ቦርድ የሚዋቀረው በ2012 በወጣው ደንብ ነው። አባላቱ ከ7 ማነስ የለባቸውም። ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ወላጆች መኖር አለባቸው። ርዕሰ መምህሩ በሥልጣኑ አባል ነው። ሠራተኞች ከመካከላቸው አንድ ሰው ይመርጣሉ። ካውንስሉም አንድ ሰው ያቀርባል፤ መሾሙ ግን የቦርዱ ነው። ቦርዱ የሚፈልገው ዓይነት ሰው ካልሆነ “ይህ ሰው አይሆነንም” ማለት ይችላል። የቀሩትን ቦርዱ ራሱ እየፈለገ ይጨምራቸዋል። በዚህ መንገድ የሒሳብ ባለሙያ፣ ነርስ፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ የሕግ ሰው ይገባል። በበጎ አድራጎት ወይም በሌላ ተቋም መሠረት ላይ የቆመ ትምህርት ቤት ከሆነ፣ መሥራቹ ወገን የሚልካቸው አባላትም ይኖራሉ።

የሥራ ዘመኑ ብዙውን ጊዜ 4 ዓመት ነው። እያንዳንዱ አባል የወንጀል ሪከርዱ ይጣራል። ያለ ፈቃድ ለ6 ወር ከስብሰባ የቀረ ሰው ወንበሩን ያጣል። ስብሰባ በዓመት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደረጋል፤ ምልዓተ ጉባኤው ግማሽ ነው። በትምህርት ቤቱ ደሞዝተኛ የሆነ ሰው ሰብሳቢ መሆን አይችልም። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ቢመስልም ትልቅ ነገር ነው። ርዕሰ መምህሩን የሚጠይቀው ሰው የርዕሰ መምህሩ የበታች መሆን የለበትም።

ስለ ጸሐፊው ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ሕጉን ያስታውሳል፣ አጀንዳውንና ወረቀቶቹን ከስብሰባው 7 ቀን በፊት ይልካል። ጎበዝ ጸሐፊ ያለው ቦርድ ግማሽ ሥራው ቀሏል።

የወላጅ ነገር

የወላጅ አባላት የሚመረጡት በወላጆች ድምፅ ነው። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ግን ይከብዳል። ምክንያቱም ልጆቹ የሚመጡት ከሩቅ ነው። ጠዋት በር ላይ ብትቆሙ የምታዩት ካውንስሉ የከፈለባቸው ሚኒባሶችና ታክሲዎች ሲደረደሩ ነው። ሹፌርና አጃቢ ልጁን ያወርዳሉ። እናትና አባት አይታዩም። በመደበኛ ትምህርት ቤት ወላጆች በር ላይ ተገናኝተው ያወራሉ፣ ስልክ ይለዋወጣሉ፣ “አንቺ ተወዳደሪ” ይባባላሉ። እዚህ ይህ አጋጣሚ የለም። ሌሊቱን ያልተኛ ልጅ ሲጠብቁ ያደሩ ወላጆች ደግሞ ማታ ስብሰባ ውጡ ሲባሉ አቅሙ ከየት ይመጣል?

ደንቡ ይህን ከግምት አስገብቷል። በምርጫ በቂ ወላጅ ካልተገኘ ቦርዱ ራሱ ወላጅ መሾም ይችላል። ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ደግሞ ክልሉን ሰፋ ያደርግለታል። አሁን የሚማር ልጅ ወላጅ ካልተገኘ፣ ቀድሞ ተምሮ የወጣ ልጅ ወላጅ፣ ወይም ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ያለው ሌላ ወላጅ መሾም ይቻላል። በእኔ እይታ የደንቡ ምርጥ አንቀጽ ይህ ነው። ልጇ ትምህርቱን ጨርሶ የወጣ እናት መንገዱን ሁሉ ታውቀዋለች። ካውንስል ምን እንደሚል፣ 16 ዓመት ሲሞላ ምን እንደሚለወጥ፣ ከትምህርት ቤት በኋላ ምን እንደሚጠብቅ ኖራበታለች።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። የወላጅ አባል የሚቀመጠው ለልጁ ጉዳይ ለመሟገት አይደለም። የወላጆች ጠበቃም አይደለም። ወላጅ ሆኖ ያየውን ይዞ ለሁሉም ልጆች ይወስናል። የራሱ ልጅ ጉዳይ ከተነሳ ከክፍሉ ይወጣል። ይህ ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ደጋግሞ ማሠልጠንና በግልጽ መነጋገር ያስፈልገዋል።

ለንደን፣ በርሚንግሃም ወይም ሊድስ ለሚኖር የእኛ አገር ወላጅ ይህ ወንበር ክፍት ነው። ከአባልነት የሚያግዱ ነገሮች ዝርዝር አለ፤ የዜግነት ጥያቄ በውስጡ የለም። ዲግሪም አይጠየቅም። ዕድሜው 18 የሞላ መሆን አለበት። ተቀጣሪ ከሆነ ለዚህ አገልግሎት ከሥራ ተመጣጣኝ ፈቃድ የማግኘት መብት አለው፤ ለዚያ ሰዓት ግን አሠሪው የመክፈል ግዴታ የለበትም። አገር ቤት ያለውን ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) የሚያውቅ ሰው ነገሩን በዚያ መልክ ሊያስበው ይችላል። የዚህኛው ሥልጣን ግን ሰፋ ይላል። ርዕሰ መምህር ሲቀጠር ቢያንስ ሦስት የቦርድ አባላት ያሉበት ኮሚቴ ተቀምጦ ዕጩዎቹን ይጠይቃል፤ ከሦስቱ አንዷ እናት ልትሆን ትችላለች። “እኔ ምን አውቃለሁ፣ እንግሊዝኛዬም እንዲህ ነው” ብሎ መተው ያሳዝናል። በአንደበቱ ከማይናገር ልጅ ጋር ዓመታት የኖረ ሰው ቦርዱ የሚፈልገውን ያውቃል።

አንድ የማታ ስብሰባ

ጠረጴዛው ላይ የርዕሰ መምህሩ ሪፖርት ተዘርግቷል። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ተማሪ ቁጥር ነው። በዚህ አገር ከፍ ያለ ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ የትምህርት፣ የጤናና የእንክብካቤ ዕቅድ የሚባል ሕጋዊ ሰነድ ይዘጋጅለታል። ሥርዓቱ የጀመረው በ2014 ሲሆን እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ሊዘልቅ ይችላል። ካውንስሉ በዚህ ሰነድ ላይ የትምህርት ቤቱን ስም ከጻፈ፣ ትምህርት ቤቱ ልጁን መቀበል ግዴታው ነው። ከዚያ በፊት ግን አስተያየቱን ይጠየቃል፤ ለመልሱ 15 ቀን አለው። አሁን ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ሞልተዋል። ለ8 ልጅ የታሰበ ክፍል 10 ሲይዝ ዊልቸር የሚዞርበት ቦታ ይጠፋል። የቦርዱ አባላት እዚህ ላይ ይጨነቃሉ። ደጅ ላይ የቆመውን ልጅ “አይሆንም” ማለት ያማል፤ ውስጥ ያሉትን ማጨናነቅም ያማል።

ሁለተኛው ገጽ ስለ ትምህርት ነው። ገና ወደ መደበኛ የትምህርት ዓይነቶች ያልደረሱ ልጆች በአምስት ነገር ይታያሉ፤ አዲስ ነገር መመርመር፣ መገንዘብ፣ የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅ፣ ሳያቋርጡ መሞከርና በራስ መጀመር። በነጥብ አይመዘንም፤ መምህሩ አይቶ ይጽፋል። ጥሩ አባል ታዲያ “ስንት ፐርሰንት?” አይልም። “አንድ ልጅ አሳዩን። መስከረም ላይ የት ነበር? አሁንስ የት ነው? ያልተለወጠ ልጅ ካለ ምን እያደረጋችሁ ነው?” ይላል።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ሁሉም ዝም ብሎ ማንበብ አለበት። በዚህ ተርም ልጆች ስንት ጊዜ በአዋቂ ኃይል ተይዘዋል? ልጅ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲል ሠራተኛ ይይዘዋል። ይህ አንዳንዴ የግድ ነው። አደጋውም እዚሁ ነው። ቁጥሩ ከጨመረ ለምን? የአንድ ልጅ ስም እየተደጋገመ ነው? አንድ ሠራተኛ ላይ ይበዛል? ለወላጅ በዚያው ቀን ተነገረ? ቋሚ ሠራተኛ ለቅቆ በጊዜያዊ ሰው ሲተካ ልጁን የማያውቀው ሰው ይበዛል፤ ያኔ መያዝም ይበዛል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አገናኝቶ ማንበብ የቦርድ አባል ዋና ችሎታ ነው እላለሁ።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ ስትጠፋስ? ብዙ ጊዜ ተቀጣሪነቷ ለኤንኤችኤስ (ለመንግሥት የጤና አገልግሎት) እንጂ ለትምህርት ቤቱ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ ሊያዛት አይችልም። በልጁ ዕቅድ ላይ ግን በሳምንት ይህን ያህል ጊዜ ያገኛል ተብሎ ተጽፏል። ቦርዱ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ካውንስሉን ይወተውታል። የመድኃኒት ጉዳይ ግን በቀጥታ የቦርዱ ነው። የጤና ችግር ላለበት ተማሪ አስፈላጊው ድጋፍ መዘጋጀቱን የማረጋገጥ ግዴታ በ2014 ሕግ የተጣለው በቦርዱ ላይ ነው።

ልጆች የሚያድሩበት ትምህርት ቤት ሲሆን ደግሞ ክትትሉ ይጠብቃል። ከትምህርት ቤቱ ነጻ የሆነ ሰው በዓመት ቢያንስ 6 ጊዜ መኝታ ቤቶቹን ጎብኝቶ ሪፖርት ይጽፋል። ቦርዱ ሪፖርቱን ማንበብ ብቻ ሳይሆን ባለፈው የተጻፈው መስተካከሉን መጠየቅ አለበት።

ገንዘቡ

ለእያንዳንዱ የተማሪ ቦታ 10,000 ፓውንድ ይመደባል። ከዚያ በላይ ያለው እንደ ልጁ ፍላጎት ከካውንስሉ የሚጨመር ነው። የ10,000 ተመኑ የተቆረጠው በ2013 ሲሆን ለብዙ ዓመታት ንቅንቅ ሳይል ቆይቷል። ኑሮው ግን ንሯል። ስለዚህ የቦርዱ ክርክር በአብዛኛው በጭማሪው ላይ ነው። አንድ ልጅ የራሱ አጋዥ ሰው ካስፈለገው ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይመጣል።

አካዳሚ ሲሆን

ከላይ የተባለው በካውንስል ሥር ላሉት ነው። አሁን ግን ብዙ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤቶች ከካውንስል ወጥተው አካዳሚ ሆነዋል። አንድ ድርጅት በርካታ ትምህርት ቤቶችን ይይዛል፤ ሕጋዊው ሥልጣን ያለው በድርጅቱ ባለአደራዎች እጅ ነው። በየትምህርት ቤቱ ያለው የአካባቢ ቦርድ ሥልጣን የሚኖረው ባለአደራዎቹ የሰጡትን ያህል ነው። ርዕሰ መምህር መምረጥ ላይችል ይችላል። በጀቱንም ማየት እንጂ ማጽደቅ ላይሆን ይችላል። ሁለት ወላጆች ቢያንስ በባለአደራዎቹ ቦርድ ወይም በየአካባቢ ቦርዱ መኖር አለባቸው።

ወላጅ ለእንዲህ ያለ ወንበር ከመወዳደሩ በፊት አንድ ወረቀት ይጠይቅ። የትኛው ውሳኔ የማን እንደሆነ የሚዘረዝር የሥልጣን ክፍፍል ሰነድ አለ። እያንዳንዱ ድርጅት በድረ ገጹ ላይ የማውጣት ግዴታ አለበት። በዚያ ሰነድ ላይ የልጆች ደህንነት፣ የሠራተኛ ቅጥርና የበጀት ረድፎች ትይዩ የአካባቢው ቦርድ ምን እንደተሰጠው ይታያል። “ያማክራል” ይላል ወይስ “ይወስናል”? ይህን አይቶ መግባት ነው።