ዛሬም የሚሠራባቸው የድሮ የሞዴል አውሮፕላን መጽሔቶች

አብዛኛው መጽሔት ከወሩ አያልፍም። ዜናው ይቀዘቅዛል፣ ማስታወቂያው ጊዜው ያልፍበታል፣ ወረቀቱም ሱቅ ገብቶ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል። የሞዴል አውሮፕላን መጽሔት ግን ሌላ ነው። በ1938 የታተመን ንድፍ ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መሥራት ይቻላል። የተሠራውም ይበራል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የምናወራው መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ የፕላስቲክ አሻንጉሊት አይደለም። እነዚህ ሞዴሎች በእውነት የሚበሩ ናቸው። አካላቸው የሚሠራው ባልሳ ከሚባል እንጨት ነው። ባልሳ በብዛት የሚመጣው ከኢኳዶር ሲሆን ከቡሽ እንኳ ይቀላል። ክንፋቸው በስስ ወረቀት ይሸፈናል። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው የተጠመዘዘ ላስቲክ ወይም ትንሽ ሞተር ነው። በሬዲዮ መምራት የመጣው በኋላ ነው።

ነገሩ እሳት የሆነው ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 አትላንቲክን ብቻውን በርሮ ካቋረጠ በኋላ ነው። የአሜሪካ ልጅ ሁሉ አውሮፕላን አማረው። እውነተኛውን መግዛት አይታሰብም። በአሥር ሳንቲም ግን የሞዴል መሥሪያ ዕቃ ይገኝ ነበር። መጽሔቶቹ የተወለዱት በዚህ ጊዜ ነው። «ፍላይንግ ኤስስ» በ1928 ሲጀምር የአየር ውጊያ ልብ ወለድ የሚያትም ርካሽ መጽሔት ነበር። ቀስ በቀስ የሞዴል ንድፎችም ገቡበት። «ሞዴል ኤርፕሌን ኒውስ» በ1929 መታተም ጀመረ። እንግሊዝ ውስጥ «ኤሮሞዴለር» በ1935 ተከተለ። «ኤር ትሬይልስ»ም የዚያው ዘመን ነው። ስሙን እየለወጠ ቆይቶ በ1975 «አሜሪካን ኤርክራፍት ሞዴለር» ተብሎ ሳለ ቆመ።

አንድን ገጽ ቀረብ ብለን እንየው። ወረቀቱ ሻይ የፈሰሰበት መስሏል። መሀል ላይ የአውሮፕላኑ አካል ከጎን ተስሏል። ከሥሩ የክንፉ ጎድኖች አንድ በአንድ ተደርድረዋል። ዳር ዳር ላይ የእንጨቱ ውፍረት በኢንች ክፍልፋይ ተጽፏል። የመጽሔቱ ገጽ ትንሽ ስለሆነ ንድፉ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሩብ ተቀንሶ ነው የሚታተመው። ስለዚህ ልጁ ትልቅ ወረቀት ላይ ካሬ ካሬ አስምሮ፣ እያንዳንዱን መስመር እያሰፋ ይገለብጠዋል። ይህ ራሱ ትምህርት ነበር። ክንፍን በእጁ የሳለ ሰው ክንፍ ለምን እንደሚጎብጥ ይገባዋል።

ከዚያ ንድፉ ለስላሳ ጣውላ ላይ ይዘረጋል። ኮላው እንዳይጣበቅ ሰም የተቀባ ወረቀት ይደረብበታል። ቀጫጭኑ ባልሳ በመስመሩ ላይ ተኝቶ በስፒል ይያዛል። የአካሉ የግራ ጎን ካለቀ በኋላ የቀኙ እዚያው ላዩ ላይ ይሠራል። ሁለቱ ቁርጥ አንድ ዓይነት ካልሆኑ አውሮፕላኑ ይጣመማላ! ጎድኖቹ በምላጭ ተቆርጠው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳሉ። ወረቀቱ ከለበሰ በኋላ ውሃ እፍ ይባልበታል። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ይህን ሁሉ ከአንድና ሁለት ገጽ ጽሑፍ ተምሮ መሥራት ይቻላል፤ ዛሬም።

ከንድፍ አውጪዎቹ መካከል ስማቸው እስካሁን የሚነሳ አሉ። ኧርል ስታል በ«ሞዴል ኤርፕሌን ኒውስ» ያወጣቸው በላስቲክ የሚበሩ ሞዴሎች አሁንም ይሠራሉ። እንግሊዛዊው ቪክ ስሚድ በ1950 «ቶምቦይ»ን አወጣ። ለዚህ አንድ ሞዴል ብቻ ተብሎ የሚዘጋጅ ውድድር አለ።

ውድድር ካነሳን፣ እኔን በጣም የሚገርመኝ ነገር እዚህ ጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ «ሶሳይቲ ኦቭ አንቲክ ሞዴለርስ» የሚባል ማኅበር አለ። የድሮ ሞዴሎችን እንደገና ሠርቶ ያወዳድራል። ደንቡ ጥብቅ ነው፦ «ኦልድ ታይመር» ለመባል ሞዴሉ እስከ 1942 መጨረሻ ድረስ የተነደፈ መሆን አለበት። ይህ በምን ይረጋገጣል? ያኔ በታተመ ንድፍ ወይም ያኔ ለሽያጭ በቀረበ መሥሪያ ዕቃ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ያለው ወር እና ዓመተ ምህረት ማስረጃ ይሆናል። ሞዴሉ በመጽሔቱ መታወቂያ አወጣ ማለት ነው። «ፍላይንግ ኤስስ ክለብ» የተባለው ሌላ ማኅበር ደግሞ ስሙን እንዳለ ከመጽሔቱ ነው የወሰደው።

ማስታወቂያዎቹን ዘልሎ የሚያልፍ ሰው ግማሹን ታሪክ ያጣል። በ1930ዎቹ አጋማሽ «ብራውን ጁኒየር» የተባለው ትንሽ የቤንዚን ሞተር ገበያ ላይ ወጣ። በዚያ ዘመን ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለመፍጠር ባትሪ፣ ኮይል እና ኮንደንሰር ያስፈልግ ነበር። ሞዴሉ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚነሳው። በ1947 መገባደጃ ሬይ አርደን ግሎው ፕለግን፣ ማለትም በጋለ ሽቦ ነዳጁን የሚያቀጣጥል ትንሽ ካንዴላ ለገበያ አቀረበ። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ በኋላ ባትሪ አያስፈልገውም። የ1946ን እና የ1949ን እትሞች ጎን ለጎን ቢያዩአቸው የተለያየ ዓለም ይመስላሉ። የኮይል ማስታወቂያው እየጠፋ ይሄዳል፣ ሞተሮቹ ያንሳሉ፣ ሞዴሎቹም ይቀላሉ። ይህን ለውጥ ቁጭ ብሎ የጻፈ ሰው ባይኖር እንኳ ማስታወቂያዎቹ መዝግበውታል።

የጦርነቱ ዓመታት እትሞችም የራሳቸው ነገር አላቸው። ባልሳ ለጦር ሥራ ተፈለገ፤ የእንግሊዙ «ሞስኪቶ» አውሮፕላን ራሱ አካሉ ውስጥ ባልሳ ነበረበት። ስለዚህ መጽሔቶቹ በካርቶን እና በሌላ እንጨት እንዴት እንደሚሠራ ማስተማር ያዙ። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የትምህርት ቤት ተማሪዎች 500,000 ሞዴል እንዲሠሩለት ጠየቀ። መጠናቸው የእውነተኛው 1/72 ነበር። ወታደሮች የወዳጅን እና የጠላትን አውሮፕላን ከቅርጹ ለይተው እንዲያውቁ ነው።

በዚህ ሙያ አልፈው ትልቅ ቦታ የደረሱም ብዙ ናቸው። ኒል አርምስትሮንግ በልጅነቱ ሞዴል ይሠራ ነበር። የአውሮፕላን ንድፍ አውጪው በርት ሩታንም እንዲሁ። ፖል ማክሬዲ በወጣትነቱ የሞዴል ሻምፒዮን ነበር። በ1977 በሰው ጉልበት ብቻ የሚበር «ጎሳመር ኮንዶር»ን ሠርቶ የክሬመርን ሽልማት ወሰደ። የኮንዶርን ፎቶ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፦ ቀጭን ቱቦ፣ ሽቦ እና ስስ ፕላስቲክ፤ የተለጠጠ ሞዴል ነው።

ችግሩ ወረቀቱ ነው። ርካሽ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ምክንያት ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ሲገለጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረካከሳል። የስቴፕለር ሽቦው ይዝጋል። ከሁሉ የሚብሰው የልጆች መቀስ ነው። ተጣጥፎ የሚመጣው ትልቁ ንድፍ ተገንጥሎ ተወስዷል፤ ያለ እሱ እትሙ ዋጋው ይወድቃል። የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት መሀሉን ነው። አሜሪካ፣ ኢንዲያና ውስጥ መንሲ የሚገኘው የብሔራዊው የሞዴል በረራ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት እነዚህን መጽሔቶች ያስቀምጣል። ብዙ ንድፎችም ስካን ተደርገዋል። ስካን ግን ይለጠጣል። አንዱ አቅጣጫ ትንሽ ቢረዝም ጎድኖቹ ቦታቸው ላይ አይገጥሙም። እንጨት ከመቁረጥ በፊት የክንፉን ርዝመት ከተጻፈው ቁጥር ጋር በማስመሪያ ማመሳከር የግድ ነው።

ሁሉም ነገራቸው ደግሞ አይቀዳም። ስህተት ያለባቸው ንድፎች አሉ። ያኔ እንደ ዋዛ ይመከር የነበረው ኢተር ያለበት ነዳጅ እና ወረቀት የሚቀባበት ፈሳሽ በቀላሉ እሳት ይይዛሉ። መስኮት ዘግቶ፣ ሻማ አብርቶ የሚሠራበት አይደለም።

የጽሑፎቹ መጨረሻ ግን ሁሌም ደስ ይለኛል። አውሮፕላኑ አልቋል፣ ሊሞከር ነው። ምክሩ ከመጽሔት መጽሔት ብዙም አይለያይም፦ ነፋስ የሌለበት ቀን ምረጥ። ረጅም ሣር ያለበት ሜዳ ፈልግ። ላስቲኩን ሳትጠመዝዝ በቀስታ ወደፊት ልቀቀው። አፍንጫውን ሽቅብ ካነሳ ክብደት እንዲጨምር ፊቱ ላይ ትንሽ ጭቃ ለጥፍ። ከደፋ ቀንስለት። ቀጥ ብሎ ሣሩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ደጋግም። ከዚያ በኋላ ላስቲኩን ጠምዝዝ፤ መጀመሪያ ጥቂት ዙር ብቻ።