«1016» የ2016 ጎማ አይደለም

ሀዋሳ ውስጥ ለላንድክሩዘሩ የጭቃ ጎማ ሲመርጥ የነበረ ጓደኛዬ የጎማው ጎን ላይ «1016» አይቶ ደስ አለው። «የ2016 ነው፣ ገና አዲስ ነው!» አለኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አራቱ ቁጥሮች ጎማው የተመረተበትን ጊዜ ይናገራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን። ዓመቱ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ስለዚህ «1016» በእኛ የካቲት 2008 ማብቂያ ገደማ ማለት ነው። ጥርሱ ሳይነካ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ! ላስቲክ ባይነዳም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በርካታ አምራቾች 10 ዓመት የሞላው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይቀየር ይላሉ። በእንዲህ ያለ ጎማ የሐገረ ሰላምን ጭቃ መውጣት እኔን ያስፈራኛል።

ቁጥሩን «ዲ ኦ ቲ» (DOT) ከሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ፈልጉት። ሙሉው በአንድ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ካጣችሁት ጎማውን አስገልብጡና እዩ። ሻጩን ለማስቸገር አትፈሩ።

መጠኑ ቀላል ነው። 265/70/16 ካለ ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ነው። ለመኪናችሁ የሚሆነው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር በኩል ተለጥፏል።