ቲ-ስኮር ላይ ያለችው የመቀነስ ምልክት ምን ትነግረናለች?

የእናቶቻችሁን የአጥንት ጥግግት ምርመራ ውጤት (ቲ-ስኮር) ይዛችሁ «-1.8 ማለት አጥንቷ 1.8 በመቶ ሳስቷል ማለት ነው?» ብላችሁ የምትጠይቁ በዝታችኋል። አይደለም፤ ቁጥሩ በመቶኛ አይደለም።

ቲ-ስኮር የሚያሳየው የእናታችን የአጥንት ጥግግት ከጤናማ ወጣት ሴቶች አማካይ ምን ያህል እንደራቀ ነው። ዜሮ ከአማካዩ ጋር እኩል ነው። ከዜሮ ወደ ታች በወረደ ቁጥር አጥንቱ ሳስቷል፤ ስለዚህ -2.6 ከ-1.8 የባሰ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት -1 እና ከዚያ በላይ ጤናማ ነው፤ -2.5 እና ከዚያ በታች የአጥንት መሳሳት በሽታ (ኦስቲዮፖሮሲስ) ይባላል። በመሃል ያለው የአጥንት ጥግግት መቀነስ እንጂ ገና በሽታው አይደለም።

ግን አንዲት የ68 ዓመት እናት ውጤቷ -1.8 ሆኖ፣ ቤት ውስጥ አዳልጧት በመውደቋ ብቻ የዳሌ አጥንቷ ቢሰበርስ? ሐኪሙ እንደ አጥንት መሳሳት በሽታ ቆጥሮ ሊያክማት ይገባል። እባካችሁ፣ «ቁጥሩ ደህና ነው» ብላችሁ ስብራቱን ሳትነግሩት እንዳትወጡ።

ምርመራው የሚጀመርበት ጊዜ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ብዙ መመሪያዎች ሴቶች ከ65 ዓመት ጀምሮ ምልክት ባይኖራቸውም እንዲመረመሩ ይመክራሉ። የወር አበባዋ ያለ ዕድሜዋ የተቋረጠ ወይም ስቴሮይድ (እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት) ለረጅም ጊዜ የወሰደች ግን ቀደም ብላ የቤተሰብ ሐኪሟን ትጠይቅ። ምርመራው በስንት ዓመት እንደሚደገምም እንደየሰዉ ውጤት ይወሰናል።