ማዳበሪያ ያለበት የአበባ አፈር ምንድን ነው?

በከረጢት ታሽጎ የሚሸጥ የአበባ አፈር ስንገዛ አብዛኞቻችን የምናየው ፊት ለፊት ያለውን የአበባ ሥዕል ነው። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል «ማዳበሪያ የተጨመረበት» የምትል ነገር ትኖራለች። እኔ አላነበብኳትም። ጄራኒየሜን ተከልኩና በሳምንቱ «ይጠንክርልኝ» ብዬ ፈሳሽ ማዳበሪያ አጠጣሁት፣ በቀጣዩም ሳምንት ደገምኩ። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆነ። ምስኪን ርቦታል ብዬ ጨመርኩለት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ያ አበባ የሞተው በጥጋብ እንጂ በረሃብ አልነበረም።

ለመሆኑ ይሄ አፈር ምንድን ነው? እውነቱን ለመናገር አፈርነቱ ራሱ ያጠራጥራል። ብዙውን ጊዜ ፒት (ከረግረግ ቦታ የሚወጣ፣ በከፊል የበሰበሰ የእፅዋት ቅሪት)፣ የኮኮናት ቃጫ፣ የበሰበሰ የዛፍ ቅርፊት እና ፐርላይት የሚባለው ነጭ ቀላል ጠጠር ተደባልቀው የሚሠራ ነው። ውሃና አየር በደንብ ይይዛል፣ ግን በራሱ ለተክል የሚሆን ብዙ ምግብ የለውም። ስለዚህ ሲዘጋጅ ማዳበሪያ ይገባበታል። አንዳንዱ ወዲያው የሚሟሟ ነው፣ በጥቂት ሳምንት ያልቃል። ሌላው በስስ ሽፋን የተለበጡ ትንንሽ እንክብሎች ነው። የነፍሳት እንቁላል መስለውት እየለቀመ የጣለ ሰው አለ፣ አትሳቁበት፣ በእርግጥም ይመስላሉ። እርጥበት በሽፋኑ ያልፍና ውስጥ ያለውን ያሟሟል፣ እሱም ቀስ እያለ ይወጣል። እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሙቀት ሲጨምር ግን ቶሎ ቶሎ ይለቀቃል፣ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ወርም ያጥራል።

እና ብንጨምርለት ምን ይሆናል?

ማዳበሪያ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ጨው ነው። የምግብ ጨው ማለቴ አይደለም፣ ግን ጠባዩ አንድ ነው። ውሃ ደግሞ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል። በፖቱ ውስጥ ጨው ሲበዛ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ ሲብስም የራሱን ውሃ ይነጠቃል። ለዚህ ነው አፈሩ ርሶ እያለ ተክሉ የሚጠወልገው፣ ሰዎችም «ማዳበሪያው አቃጠለው» የሚሉት። መሬት ላይ የተተከለ ቢሆን ዝናብ ጨውን ወደታች ያጥብለታል፣ ሥሩም ራቅ ብሎ ይሄዳል። ፖት ውስጥ ያለው ግን የት ይሂድ?

ሳይቃጠል ቢቀር እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። ናይትሮጅን ሲበዛ ተክሉ ቅጠል በቅጠል ይሆናል። ያምራል፣ ይወፍራል፣ እምቡጥ ግን የለም። ናስተርሺየም ለምሳሌ ምግብ የበዛበት አፈር ውስጥ ካስገባችሁት የሚሰጣችሁ ጎመን የመሰለ ቅጠል ነው። «እሺ፣ አበባ የሚያበዛውን ልጨምር» ብሎ ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያ ማጠጣትም መፍትሔ አይደለም፤ ፎስፈረስ ከመጠን ሲያልፍ ተክሉ አይረን (የብረት ንጥረ ነገር) መውሰድ ሊያቅተውና አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሊሆን ይችላል።

ከባዱ ነገር ጥጋብና ረሃብን መለየቱ ነው። እኔን ጉድ የሠራኝ እሱ ነው። የራበው ተክል አብዛኛውን ጊዜ ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎቹ ሙሉ በሙሉ ይገረጣሉ፣ ዕድገቱም ይጓተታል። የጠገበው ግን የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ይደርቃል፣ አፈሩ ላይና የፖቱ ከንፈር ላይ ደግሞ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ያንን ነጭ ነገር ካያችሁ የማዳበሪያውን ጠርሙስ አስቀምጡት።

ከሆነ በኋላስ? ከላይ የተጋገረውን በስሱ ጠርጉና አንሱ። ከዚያ ንጹህ ውሃ ቀስ እያላችሁ ብዙ አፍስሱ፣ ከታች ባለው ቀዳዳ እስኪወርድ፣ ደጋግማችሁ። የወረደውን ውሃ ከሥሩ ባለው ሳህን ላይ አትተዉት፣ ተመልሶ ይጠጣዋል። እንክብል የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ማጠቡ የወጣውን ጨው እንጂ እንክብሉን አያስወግድም። ተክሉ በጣም ከተጎዳ አፈሩን መቀየር ይሻላል።

ታዲያ መቼ ነው የሚጨመረው? ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ጊዜ ሲቃረብና ተክሉ መገርጣት ሲጀምር። አየሩ ሞቃት ሆኖ በየቀኑ የምታጠጡ ከሆነ ምግቡ ከውሃው ጋር ስለሚወርድ ቀደም ሊል ይችላል። ፔቱንያ፣ በተለይ ተንጠልጥሎ የሚያድገው፣ በላተኛ ስለሆነ ቀድሞ ይጠይቃል። ኦርኪድ በተቃራኒው ትንሽ ነገር ይበቃዋል። ስትጀምሩ ከታዘዘው መጠን ግማሹን ብቻ በጥብጡ፣ የደረቀ አፈር ላይም አታፍስሱ፣ አስቀድማችሁ ውሃ አጠጡት።

አንድ ነገር ልጨምር። እንክብሎቹ አፈሩ ላይ መታየታቸው ምግብ አለ ማለት አይደለም፣ ሽፋናቸው ካለቁም በኋላ ይቀራል። አንዱን አውጡና በጣታችሁ ጫን በሉት። ውስጡ ጠጣር ነገር ካለ ገና ነው፣ ጠብቁ። ባዶ ልጣጭ ከሆነ ስንቁ አልቋል። እኔ አሁን የተከልኩበትን ቀን የፖቱ ጎን ላይ በማርከር እጽፈዋለሁ።