ከትርጉሙ በፊት ድምፁ፦ የሂንዱ ልጆች የሳንስክሪት ጸሎት ትምህርት

ልጁ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ወዲያው ከአልጋው አይወርድም። መጀመሪያ ሁለት መዳፎቹን ገጥሞ ፊቱ ላይ ይዘረጋል። "ካራግሬ ቫሳቴ ላክሽሚ፣ ካራማድዬ ሳራስቫቲ" እያለ ይደግማል። በእጅ ጫፍ ላክሽሚ ትኖራለች፣ በመዳፍ መሀል ሳራስቫቲ፣ በእጅ ሥር ደግሞ ጎቪንዳ፤ ስለዚህ በማለዳ እጅን ማየት ይገባል ማለት ነው። ላክሽሚ የሀብት እመቤት ናት፣ ሳራስቫቲ የዕውቀት። ጎቪንዳ የአምላኩ የክሪሽና ሌላ ስሙ ነው። እግሩ ወለሉን ከመንካቱ በፊት ሌላም አጭር ጸሎት አለ። ምድርን "በእግሬ ስለምነካሽ ይቅር በዪኝ" ይላታል።

ይህን ያስተማረው ቄስ አይደለም። ብዙውን ጊዜ እናቱ ናት፤ ካልሆነም አያቱ። አያት አንድ ሐረግ ትላለች፣ ልጅ ይቀበላል። ፊደል የሚባል ነገር ሳያውቅ፣ ገና በሦስትና በአራት ዓመቱ፣ አፉ ይፈታበታል።

ሁሉም የሂንዱ ቤት እንዲህ ያደርጋል ማለት አይደለም። ሂንዱይዝም አንድ መጽሐፍና አንድ ወጥ የጸሎት ሥርዓት ያለው ሃይማኖት አይደለም። እንደ አገሩ፣ እንደ ቋንቋው፣ ቤተሰቡ እንደሚያመልከው አምላክ ይለያያል። ልጅን በሳንስክሪት ጸሎት ማስጀመር ግን ከሰሜን ህንድ እስከ ደቡብ፣ ከኔፓል እስከ ሞሪሽየስ የሚገኝ ልማድ ነው።

ሳንስክሪት ደግሞ ልጁ ቤት ውስጥ የሚያወራበት ቋንቋ አይደለም። ቤቱ የሚነገረው ሂንዲ፣ ታሚል፣ ጉጃራቲ ወይም ቤንጋሊ ነው። በ2011 በተካሄደው የህንድ ሕዝብ ቆጠራ ሳንስክሪት አፍ መፍቻዬ ነው ያሉት 24,821 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ያውም ከ1.2 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ መካከል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ግዕዝ ቤት ውስጥ ሳይነገር በቅዳሴ ይሰማል፤ ዓረብኛ የማያወራ ልጅም ቁርኣን ይቀራል። ጸሎት የሚደረግበት ቋንቋና ወጥ የሚጠየቅበት ቋንቋ የተለያዩ መሆናቸውን እናውቀዋለን።

በቤት የሚጀመረው

ቤት ውስጥ የሚለመዱት ጸሎቶች አጫጭር ናቸው። "ሽሎካ" ይባላሉ። የቀኑን ውሎ ተከትለው ይመጣሉ። አንድ ነገር ሲጀመር የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሻ ይጠራል፤ እንቅፋትን የሚያነሳ እሱ ነውና "ቫክራቱንዳ ማሃካያ" ተብሎ ይለመናል። ደብተር ሲገለጥ ሳራስቫቲ ትጠራለች። ከምግብ በፊት ባጋቫድ ጊታ ከሚባለው ቅዱስ መጽሐፍ ምዕራፍ 4 የተወሰደ ስንኝ ይባላል፤ መሥዋዕቱም፣ እሳቱም፣ አቅራቢውም ሁሉም ብራህማን (የሁሉ መሠረት የሆነው አንዱ እውነት) ነው የሚል ከባድ ሐሳብ ነው፣ ለአምስት ዓመት ልጅ የሚሰጥ። በምዕራብ ህንድ ባለችው በማሃራሽትራ ሲመሽ መብራት ይለኮሳል። ልጆች እጅና እግራቸውን ታጥበው ከመብራቱ ፊት ይቀመጡና "ሹባም ካሮቲ ካልያናም" ይላሉ፤ በጎ ነገርን፣ ጤናንና ሀብትን ለሚያመጣው ብርሃን ሰላምታ ነው።

ልጅ ይህን ሁሉ በቀላሉ የሚይዘው በምጣኔው ምክንያት ነው። አብዛኛው ሽሎካ "አኑሽቱብ" በሚባል ምጣኔ የተሠራ ነው። አራት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ሐረግ ስምንት ቀለም። በድምሩ 32። የባጋቫድ ጊታም 700 ስንኞች አብዛኞቹ በዚሁ ምጣኔ ናቸው። አንዴ ጆሮው ከለመደ፣ አዲስ ስንኝ ሲመጣ ልጁ የት ላይ እንደሚተነፍስ አስቀድሞ ያውቀዋል።

በነገራችን ላይ ልጆች በቃላቸው የሚወጡት ሁሉ ሳንስክሪት አይደለም። በሰሜን ህንድ እጅግ የሚወደደው፣ ሃኑማን የተባለውን አምላክ የሚያወድሰው ሃኑማን ቻሊሳ የተጻፈው በአዋዲ ቋንቋ ነው።

ድምፁን የመጠበቅ ጥበብ

ከቤቱ ሽሎካ ወደ ቬዳ፣ ወደ ጥንታውያኑ ቅዱሳት ጽሑፎች ስንሻገር ነገሩ ይጠብቃል። ቬዳዎቹ አራት ናቸው፦ ሪግቬዳ፣ ያጁርቬዳ፣ ሳማቬዳና አታርቫቬዳ። ሪግቬዳ ብቻውን 1,028 መዝሙሮች አሉት። ዕድሜው ከ3,000 ዓመት በላይ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይጻፍ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል። ስያሜው ራሱ "ሽሩቲ" ነው፤ የተሰማ ማለት። ዩኔስኮ የቬዳን የማዜም ትውፊት በ2003 ከሰው ልጅ የቃልና የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ ብሎ አውጆታል።

እንዴት ሳይበላሽ ኖረ? እኔን እጅግ የሚማርከኝ ይህ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ልጆችን በሚያስተምሩበት መንገድ ውስጥ ነው።

መምህሩ አንዴ ይላል። ተማሪው ሁለቴ ይመልሳል። ይህ በቀን ለሰዓታት፣ ለዓመታት ይደጋገማል። ቃሉን ብቻ መያዝ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ቀለም የድምፅ ከፍታ አለው። ከፍ የሚለው "ኡዳታ"፣ ዝቅ የሚለው "አኑዳታ"፣ ከከፍታ የሚወርደው "ስቫሪታ" ይባላል። በደቡብ ህንድ በኬረላ ያሉት ናምቡዲሪ የሚባሉ የብራህሚን (የካህናት መደብ) መምህራን የልጁን ራስ በእጃቸው ይዘው ድምፁ ሲወርድ ያጎነብሱታል፣ ሲነሳ ያቃኑታል። ልጁ ዜማውን በአንገቱ ይማረዋል። በኋላ መምህሩ እጁን ቢያነሳም አንገቱ አይረሳም።

ከዚያ መቀያየሩ ይመጣል። መጀመሪያ ጽሑፉ እንዳለ ይያዛል። ቀጥሎ ቃል በቃል ተነጣጥሎ ይባላል። ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ እየሆነ፦ አንደኛና ሁለተኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ። "ጃታ" በሚባለው ደረጃ ደግሞ ጥንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል፦ 1-2፣ 2-1፣ 1-2። "ጃታ" ማለት ጉንጉን ነው፤ እንደ ሹሩባ። ከሁሉ የሚከብደው "ጋና" ነው፦ 1-2፣ 2-1፣ 1-2-3፣ 3-2-1፣ 1-2-3። ሦስት ቃል ለመያዝ 13 ቃል ማለት ነው። ከዚያ ከሁለተኛው ቃል ተነስቶ እንደገና እንዲሁ። ትርጉም ወደ ኋላ አይነበብም። ስለዚህ አፍ በልማድ ወደሚቀናው ቃል ሊንሸራተት፣ ከበድ ያለውን በቀላል ሊተካ አይችልም። አንድ ቃል ብትወድቅ ጉንጉኑ ይፈታል፣ ስህተቱም እዚያው ይታወቃል።

ለዚህ የአነጋገር ጥበብ "ሺክሻ" የሚባል ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ አለ። በፓኒኒ ስም የሚጠራው የሺክሻ ጽሑፍ ተማሪው ቀለሞችን እንዴት አድርጎ መያዝ እንዳለበት በአንድ ምሳሌ ይናገራል። ነብር ግልገሎቿን በጥርሷ ስትሸከም እንዳይወድቁ ትጠነቀቃለች፣ እንዳትነክሳቸውም ትጠነቀቃለች። እንደዚያ ያዝ ይለዋል። ይኸው ጽሑፍ የመጥፎ አንባቢ ምልክቶችንም ይቆጥራል፦ የሚያንጎራጉር፣ የሚጣደፍ፣ ራሱን የሚነቀንቅ፣ ከጽሑፍ የሚያነብ፣ ትርጉሙን የማያውቅ፣ ድምፁ የሰለለ። "ከጽሑፍ የሚያነብ" እንደ ጥፋት መቆጠሩን ልብ በሉ። (ራስን መነቅነቅም ተቆጥሯል፤ ናምቡዲሪዎቹ ግን በሥርዓት ያደርጉታል። መምህራን በሁሉም ነገር አይስማሙም።)

የድምፅ ስህተት ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለተማሪዎች የሚነገር ተረት አለ። ትቫሽትሪ የተባለ አምላክ፣ የአማልክት ንጉሥ ኢንድራ ልጁን ስለገደለበት፣ ተበቃይ እንዲወለድለት በእሳት ላይ መሥዋዕት አቀረበ። "የኢንድራ ገዳይ ሆይ፣ እደግ" ሊል ፈልጎ ድምፁን የተሳሳተ ቀለም ላይ ከፍ አደረገ። ቃሉም "ኢንድራ የሚገድልህ ሆይ" ሆኖ አረፈው። ቭሪትራ ተወለደ፤ ኢንድራም ገደለው።

ማን ተፈቀደለት?

በጥንቱ ሥርዓት ቬዳ መማር የሚጀመረው "ኡፓናያና" በሚባል ሥነ ሥርዓት ነው። የሕግ ጽሑፎቹ ለብራህሚን ልጅ 8፣ ለክሻትሪያ (ለተዋጊው መደብ) 11፣ ለቫይሽያ (ለነጋዴውና ለገበሬው መደብ) 12 ዓመት ብለው ያስቀምጣሉ። ልጁ ባለ ሦስት ፈትል ክር በግራ ትከሻው ላይ ይታሰርለታል። አባትና ልጅ በአንድ ጨርቅ ይሸፈናሉ፤ አባት በጆሮው ጋያትሪ ማንትራን ያንሾካሹክለታል። የሪግቬዳ 3ኛ መጽሐፍ ስንኝ ነው፤ 24 ቀለም አለው። የሳቪትርን፣ የፀሐይን አምላክ ምርጥ ብርሃን እናስብ፣ እሱም ሐሳባችንን ያነቃቃልን ይላል።

ሴት ልጅ ግን አይንሾካሾክላትም ነበር። ሹድራ ለሚባሉት ለዝቅተኛው መደብ ሰዎችና ከመደብ ውጭ ለተደረጉት ደግሞ ቬዳውን መስማት እንኳ ተከልክሏል። ይህን ለስለስ አድርጎ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም። ያን ያህል የተጠበቀ ሀብት ከአብዛኛው ሕዝብ ላይ ተቆልፎ ነው የኖረው። ደግሞ የሚያስገርመው በሪግቬዳ ውስጥ መዝሙር በስማቸው የተቆጠረላቸው እንደ ጎሻና ሎፓሙድራ ያሉ ሴቶች መኖራቸው ነው።

በሩን በግልጽ ከገፉት አንዱ ዳያናንዳ ሳራስቫቲ ነው። በ1875 በቦምቤይ አርያ ሳማጅን መሠረተ፤ ቬዳ የሁሉም ነው አለ። እንቅስቃሴው ለሴት ልጆችም ትምህርት ቤት ከፈተ። ዛሬ በቫራናሲ ሴት ልጆች ቬዳ የሚማሩበት ጉሩኩል (ባህላዊ አዳሪ ትምህርት ቤት) አለ፤ በፑኔም ሴቶች ሠልጥነው ሥርዓተ ጸሎት ይመራሉ። የቀድሞውን ልማድ አጥብቀው የያዙ ግን አሁንም አሉ።

ሙሉውን ቬዳ የሚማሩ ልጆች ዛሬ ጥቂት ናቸው። "ፓትሻላ" በሚባሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ይቀመጣሉ። ይህን የሚደግፍ የመንግሥት ተቋም በ1987 ተመሥርቷል፤ መቀመጫው ኡጃይን ነው። በኬረላ ካዳቫሉር በሚባል ቦታ ባለው የራማ ቤተ መቅደስ ደግሞ የትሪሱርና የቲሩናቫያ የቬዳ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ይፎካከራሉ። ጃታው እዚያ በአደባባይ፣ በተቀናቃኝ ጆሮ ፊት ይባላል።

ባሕር ማዶ

በ1834 የህንድ የኮንትራት ሠራተኞች ወደ ሞሪሽየስ መጓዝ ጀመሩ። ቀጥሎ ወደ ትሪኒዳድ በ1845፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ናታል በ1860፣ ወደ ፊጂ በ1879። ብዙዎቹ ይዘው የሄዱት በቃላቸው ያለውን ነው። በእነዚህ አገሮች ቦጅፑሪና ታሚል ከልጆች አፍ እየጠፋ ሲሄድ እንኳ የሳንስክሪቱ ጸሎት በየቤቱ ፑጃ (የአምልኮ ሥርዓት) ላይ ቆየ።

በኋላ የመጣው የአሜሪካና የእንግሊዝ ትውልድ ሌላ መልክ አለው። እሁድ እሁድ ልጆች ይሰበሰባሉ። በ1953 የተመሠረተው ቺንማያ ሚሽን "ባላ ቪሃር" የሚለው የልጆች ክፍል አለው። አስተማሪዎቹ በአብዛኛው በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ ወላጆች ናቸው፤ ልጆቹ "አንቲ" እና "አንክል" ይሏቸዋል። የጊታ ንባብ ውድድር ይደረጋል። ምዕራፍ 12 እና 15 ሃያ ሃያ ስንኝ ብቻ ስለሆኑ ለጀማሪ ይመቻሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ፊደሉ ነው። ብዙዎቹ ልጆች ሳንስክሪቱን የሚያነቡት በላቲን ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ ልማድ ሲያነቡት አጭሩና ረጅሙ አናባቢ ይምታታል። "ዲና" ባጭሩ ሲባል ቀን ነው፤ "ዲ" ሲረዝም ምስኪን ይሆናል። እኛ "ገና" ስንል በዓሉን ይሁን "ገና ነው" የሚለውን በማጥበቅና በማላላት እንደምንለይ ማለት ነው። ስለዚህ አስተማሪዋ ጭብጨባ ትጠቀማለች። ለአጭሩ አንዴ፣ ለረጅሙ ሁለቴ። ትንፋሽ ለሚወጣባቸው ድምፆችም ልጆቹ መዳፋቸውን አፋቸው ፊት ያደርጋሉ። "ካ" ሲሉ ምንም የለም፤ "ክሃ" ሲሉ መዳፋቸው ላይ ሙቀት ይሰማቸዋል። የዴቫናጋሪ ፊደልም በዚሁ መንገድ ነው የተደረደረው። ከጉሮሮ ጀምሮ በላንቃ፣ በጥርስ አልፎ ከንፈር ላይ ያልቃል።

ክርክሩ

ሳንስክሪት አእምሮን ስል ያደርጋል የሚባል ነገር በወላጆች ዘንድ በሰፊው ይወራል። ናሳ ለኮምፒውተር መረጠው የሚለውም አለ። መነሻው ሪክ ብሪግስ የተባለ ተመራማሪ በ1985 የጻፈው ጽሑፍ ነው፤ የሳንስክሪት ሰዋስው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርት ሊሆን ይችላል አለ እንጂ ናሳ ቋንቋውን አልመረጠም። ልጅን ጸሎት ለማስተማር እንዲህ ያለ ማማለያ ባያስፈልግ ደስ ይለኛል።

በህንድ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ኬንድሪያ ቪድያላያ በሚባሉት ከ1,000 በላይ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የጠዋት ሰልፍ ላይ "አሳቶ ማ ሳድ ጋማያ" ይባላል፤ ካልሆነው ወደ ሆነው፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን፣ ከሞት ወደ ሕያውነት ምራኝ የሚል፣ ኡፓኒሻድ ከሚባሉት የሂንዱ ቅዱሳት ጽሑፎች የመጣ ጸሎት። ይህ የሁሉም ልጅ ጸሎት ነው ወይስ የአንድ ሃይማኖት? አንድ ጠበቃ ጉዳዩን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቀረበ፤ በ2019 መጀመሪያ ላይም ወደ ሰፊ ችሎት ተመራ። የመንግሥት ጠበቃ የፍርድ ቤቱ መሪ ቃል ራሱ የሳንስክሪት ነው ብሎ ተከራከረ። የሙስሊም ወይም የክርስቲያን ልጅ ወላጅ ግን ጥያቄው ከቋንቋው ያለፈ መሆኑን ያውቃል።

ትርጉም ሳያውቅ የሚደግም ልጅ ምን ይጠቀማል የሚለው ነገርም አዲስ ጥያቄ አይደለም። የጥንቱ የቃላት ሊቅ ያስካ ቬዳን በቃሉ ይዞ ትርጉሙን የማያውቅ ሰው ሸክም እንደተጫነበት ምሰሶ ነው የሚል ስንኝ ጠቅሷል። በፓትሻላ የሚማረው ልጅ ለዓመታት ድምፁን ብቻ ይይዛል፤ ትርጉሙ ቢመጣ በኋላ ነው። የእሁዱ ክፍል ቅደም ተከተሉን አሳጥሮታል። ልጆቹ ስንኙን ይላሉ፣ ታሪኩ ይነገራቸዋል፣ ከዚያ አስተማሪዋ "አሁን ምን አላችሁ?" ብላ ትጠይቃቸዋለች። አንዱ መዳፉን ዘርግቶ የትኛዋ አምላክ የት እንደምትቀመጥ በጣቱ ያሳያታል።